በፈረንጅ ነው ያልኩት ወረቀት

በልጄ ዕድሜ ላይ ስምንት ዓመት የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። አንድ ሰው ጠየቀኝ፣ «አዎ» አልኩ።

ባለቤቴ በነዳጅ ማጣሪያው ኦፕሬተር ሆኖ ሲቀጠር ተከትዬው ከወሎ አሰብ ወረድኩ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ወረቀት እፈራለሁ፤ ስለምፈራም አጥብቄ እጠብቃለሁ። የአሰብ ወበቅ ደግሞ ወረቀት አይምርም። ግድግዳ ላይ የለጠፉት ፎቶ በወሩ ይሻግታል፣ ቀለሙ ይፈሳል። እኔ የባለቤቴን የቅጥር ደብዳቤ፣ የጋብቻችንን ፎቶና የልጄን የልደት ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ በቆርቆሮ ሻንጣ አስቀምጥ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ አውጥቼ በጥላ አናፍሳቸዋለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኝ ነበር። «ዛሬ ደግሞ ወረቀቶችሽን ወዴት ልታንሸራሽሪ ነው?»

የልደት ወረቀቱ ለየት ያለ ነበር። ልጄን የተገላገልኩበት ሆስፒታል ጣሊያን ትቶት የሄደውን የታተመ ቅጽ ገና አልጨረሰም። ርዕሱም መስመሩም በጣሊያንኛ ነው። የሞላችው ነርስ ግን የሸዋ ልጅ ነበረች። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በእኛው አቆጣጠር በቁጥር ብቻ ጻፈችው። የማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚለይ ምልክት አላደረገችበትም። ያኔ ይህን ማን ያስባል?

ልጄ ስድስተኛ ክፍል እያለ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የአካባቢው ታሪክ ሊሰበሰብ ነው፣ የታሪክ መዛግብት ክፍል ይከፈታል ተባለ። አሮጌ ወረቀት ያለው ሁሉ ያምጣ፤ ዋናው እዚያ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ይሰጠዋል። ሊቀመንበሩ ንግግሩን ሲጨርስ፣ «ወረቀት የሚደብቅ ሰው ምን እንደሚደብቅ እናውቃለን» አለ። በማግሥቱ ሻንጣዬን ይዤ ከሰልፉ ፊት ቆሜ ነበር።

ተቀባዩ ከአስተማሪነት ወደዚያ ሥራ የተመደበ ጨዋ ሰው ነው። ወረቀት የሚነካው እጁን ታጥቦ ነበር። የቅጥር ደብዳቤውንና ፎቶውን አየት አድርጎ መለሰልኝ። የልደት ወረቀቱን ሲያይ ግን ፊቱ በራ።

«ይህማ ቅርስ ነው! በፈረንጅ ነው አይደል፣ እትዬ?»

ፊደሉን የጠየቀኝ መስሎኝ፣ «አዎ ጌታዬ፣ በፈረንጅ ነው» አልኩ።

«ጌታዬ ማለት ቀርቷል፤ ጓድ ይበሉ» ብሎ ሳቀ። በቁራጭ ወረቀት ላይ ከዓመቱ ስምንት ቀነሰ፣ ግልባጩን ጻፈ፣ አስፈረመኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳየው የተጻፈው ልጄን የወለድኩበት ዓመት አይደለም። በነጋታው ተመልሼ፣ «ይህ ቁጥር ምንድን ነው?» አልኩት።

«ተሰልቶ ነው፣ እትዬ። ከፈረንጅ ሲመለስ እንዲያ ይመጣል።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ይሰማሉ። አራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት የአስተማሪ ሂሳብ ልታርም? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አመስግኜው ወጣሁ። ይስቅብኛል ብዬ ለባለቤቴም አልነገርኩት።

ሁለት ዓመት አለፈ። የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ሲመጣ ቀበሌው የዕድሜ ዝርዝሩን ያወጣው ከእነዚያ ግልባጮች ነው። ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በወረቀቱ ሃያ ሦስት። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሮጥኩ።

«ልጄ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።»

«ቁመቱን አይተሽዋል? እሱ አሥራ አምስት ከሆነ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም!» ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። «ማኅተም ያለበት ወረቀት ሃያ ሦስት ይላል። ሌላ ወረቀት ካለሽ አምጪ።»

ሌላው ወረቀት የት እንዳለ አውቅ ነበር። መዛግብቱ ክፍል ውስጥ፣ ቬንቲላቶር እየዞረለት፣ መስታወት ሥር ተኝቷል። እውነቱን ልናገር፣ ከእኔ ሻንጣ ይልቅ ተመችቶታል። ሻጋታ የለ፣ ጨው የለ። ከሥሩ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «በአውሮፓ አቆጣጠር» የሚል ካርቶን አለ።

«አቆጣጠሩ የእኛ ነው» አልኩት እዚያው ሄጄ ያን ተቀባይ ሰውዬ። «በፈረንጅ ነው ያልኩዎት ፊደሉን ነው።»

ወዲያው ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ዝርዝሩ ለበላይ አካል ተልኳል። ያለ ኮሚቴ አንዲት ቁጥር መለወጥ አልችልም።»

«ወረቀቱን ለአንድ ቀን ያውሱኝ። ሊቀመንበሩን አሳይቼ እመልሳለሁ።»

«የሕዝብ ሀብት ሆኗል፣ እትዬ። አይዋስም።»

«እንግዲያው አብረውኝ ይምጡና በአፍዎ ይንገሩልኝ።»

«ተሳስቼ ነበር ብዬ?» አለ። ሳያስበው ነው ያመለጠው፤ ሁለታችንም ሰማነው። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ማመልከቻ ጽፌ እንዳመጣ ነገረኝ።

የእኔ ጽሑፍ ስለማያምር ማመልከቻውን የጻፈልኝ ልጄ ራሱ ነው። እየጻፈ ይቀልዳል። «እማዬ፣ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ያሳደግሽኝ ምን አብልተሽኝ ነው?» አባቱ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወጣ።

ኮሚቴው አልተሰበሰበም። አንደኛው አባል ለሥራ ወደ ጢዖ ወደብ ሄዷል ተባልኩ። እሱ ሲመለስ ሌላው ለዕረፍት አዲስ አበባ ወጣ። በዚህ መሀል ልጆቹን ኳስ ሜዳው ላይ ሰብስበው በካሚዮን ጫኗቸው። ከልጄ ግራና ቀኝ የቆሙት ጢማቸውን የላጩ ወንዶች ነበሩ። ለመንገድ የታደላቸውን ዳቦ እነሱ ኪሳቸው ከተቱ። የእኔ ልጅ መኪናው ሳይነሣ በልቶ ጨረሰው።

ከአራት ወር በኋላ የመዛግብቱ ሰውዬ ቤቴ መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል።

«ተስተካክሏል፣ እትዬ። ኮሚቴው ተቀብሎታል። መስታወቱ ሥር ያለው ካርቶንም ተለውጧል።»

አዲሱን ግልባጭ በሁለት እጁ ሰጠኝ። አነበብኩት፤ ልክ ነበር።

«ልጁስ?» አልኩት።

«እሱ በእኛ ክፍል አይታይም» አለ መሬት መሬት እያየ። ያን ዕለት አላመሰገንኩትም። ግልባጩን ይዤ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አንብቦ መለሰልኝ። «ስሙ ለጦሩ ተላልፏል፤ እኛ ጋ የለም።» እንደ ፊተኛው ጊዜ አልሳቀም።

ልጄ አንድ ደብዳቤ ብቻ ላከልኝ። «አሥራ አምስት ስላቸው ስለሚስቁብኝ አሁን ሃያ ሦስት እላለሁ፤ ለምጄዋለሁ፣ አታስቢ» ይላል። ሌላ አልመጣም። እሱም አልመጣም።

ከዓመት በኋላ ቀበሌው እንደገና ሰበሰበን። የታሪክ ክፍሉ የዘማቾችን ደብዳቤ ማሰባሰብ ጀምሯል ተባለ። ያ ሰውዬ መዝገቡን ይዞ በየመቀመጫው እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ከልጅዎ የደረሰዎት ደብዳቤ ይኖራል?»

«የለም» አልኩ። ለመንግሥት ሰው ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበር። እሱም በስሜ ትይዩ «የለም» ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።