መቀባበያውን በመዳፍ መግፋት

አባቴና ወንድሜ የተጣሉት በመሬት ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። በመሬት የማይጣላ የለም። እነሱ ግን የተጣሉት የክላሽ መቀባበያ በመዳፍ ይገፋል፣ አይገፋም በሚል ነው። በምኖርበት በመሐል ሜዳ ከተማ ሰዎች ሲጠይቁኝ እውነቱን መናገር ስለሚያሳፍረኝ «ያው የቤት ጉዳይ ነው» እያልኩ አልፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክላሽ ጥይት የሚጎርሰው በቀኝ ጎኑ ያለችውን መቀባበያ ወደ ኋላ ስቦ በመልቀቅ ነው። ሲለቋት ውስጥ ያለው ሞላ ወደ ፊት ያስፈነጥራታል፣ ጥይቱን ይዛ ትገባና ራሷ ትዘጋለች። ይህን እኔ ልብስ ሰፊዋ እንኳ አውቃለሁ። አባቴ ግን አይለቋትም። በጣታቸው ይዘው ቀስ እያሉ ይመልሷታል። እንዲያ ስትመለስ ጉልበት ስለማታገኝ ልትዘጋ ጥቂት ሲቀራት ትቆማለች። ያን ጊዜ የመዳፋቸውን ሥር አስጠግተው ገፋ ያደርጓታል፤ ቀጭ ብላ ትዘጋለች። ጠመንጃ ከያዙ ጀምሮ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ወንድሜ የቀበሌ ሚሊሻ ሆኖ ሥልጠና ወስዷል። ከሥልጠና ከተመለሰ ወዲህ አባቴ መቀባበያውን ሲገፉ ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

«አባባ፣ ይልቀቋት በቃ! ሞላው ምን ሊሠራ ተቀመጠ?»

«የመንዝ ብርድ ሞላህንም ያሰንፈዋል።»

«ብርዱ አይደለም፤ በበግ ሞራ እያሹት ነው! ሞራው ሲረጋ ነው የሚይዘው። ዘይት ይቀቡት።»

በዚህ በኩል ወንድሜ እውነቱን ነው። አባቴ ከዘይት ይልቅ ሞራ ያምናሉ። የኅዳር ውርጭ ሲወርድ ደግሞ ሞራው እንደ ሻማ ይደርቃል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሳል፤ ጎረቤቶቻችን ሆን ብለው ይቆሰቁሱትና ጠላቸውን እየጠጡ ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አባቴን ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸው። ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ነው አሏቸው፤ እሳቸው ብርድ ነው አሉ። እግራቸው ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጣቶቻቸው ይይዛሉ፤ ክንዳቸው ጉልበት የለውም። ከዚያ ወዲህ በክርክሩ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ኅዳር ላይ ወንድሜ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ነይልኝ። ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፈውት አገኘሁ። ጥይት ጎርሷል፣ መቀባበያው ሳይዘጋ ቆሟል። ልጆቼ ሥሩ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። እኔ ብናገር ቀናብኝ ነው የሚሉኝ። አንቺ ያስረክቡት በያቸው።»

እሺ አልኩት። ባሌን ከቀበርኩ ዓመት ሊሆነኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም እሺ ነው የምለው። ደንዝዤ ነበር። ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ከንፈሩን ሲነካው የሌላ ሰው ከንፈር እንደሚመስለው፣ እኔም የራሴን ነገር እንደዚያ ነበር የምነካው። የጀመርኩትን ቀሚስ አጣጥፌ አስቀመጥኩና በሚኒባስ ሄጄ ቀየት የምትባል መንደር ወርጄ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ።

ስደርስ አባቴ ከበጎቹ ጉረኖ አጠገብ፣ የድንጋይ ካቡ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። በርኖሳቸውን ደርበው ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋድመውታል። በጎቹን ከማታ እስከ ንጋት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ከብቱንም እርሻውንም ለወንድሜ ለቀውለታል፤ የቀራቸው ሥራ ይህ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ልከውሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«አዎ።»

መዋሸትም ያደክመኛል። እሳቸውም አልተቆጡም። አብረን ፀሐዩን ሞቅን። ከዚያ በሕይወቴ አንድም ቀን ጠይቄያቸው የማላውቀውን ጠየቅኳቸው፤ መቀባበያውን ለምን እንደማይለቁት።

«ስትለቂው ይጮሃላ!» አሉ። እንዴት ይህ ይጠፋሻል በሚል ዓይን አዩኝ። «ብረት ሲጮህ በጎቹ ይበረግጋሉ። እርስ በርስ ይተራመሱና ግልገል ይረጋገጣል፤ ያረገዘችዋ ታስወርዳለች። ሌባውም ቢሆን ድምፁን ሰምቶ ይሄድና ሌላ ቀን ይመለሳል። ቀስ አድርገሽ መልሰሽ በእጅሽ ስትዘጊው ግን እንኳን ሌባው፣ በጓ አትሰማሽም።»

«ታዲያ ይኼን ለወንድሜ ለምን አልነገሩትም?»

«መቼ ጠይቆኝ ያውቃል? ሲያስተምረኝ ነው የኖረው።»

ለካ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ለሚለቅ ሰው መግፋት ትርፍ ሥራ ነው፤ ለማይለቅ ሰው ካልተገፋ አይዘጋም። የኔም የስፌት መኪና በፔዳሉ ብቻ ይነሳል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጎማውን በእጄ ካላስጀመርኩት ክሩ ይበጠስብኛል። ይህን ያህል ዓመት በዚህ ሲነታረኩ አንዱ አንዱን አለመጠየቁ አናደደኝ። ንዴት ከተሰማኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር ገረመኝ። ወዲያው ግን ጠፋ።

ማታ ቤት ስገባ ለወንድሜ ነገርኩት። በእጁ የያዘውን ቆሎ ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ለበጎቹ ነው?» አለኝ።

«ለበጎቹ ነው።»

«እኔ እኮ...» ብሎ ተወው። ከዚያ ትንሿ ልጁን ወደ ጭኑ ሳባት። «ጥሩ፣ ይሁን። ድሮ በደህና እጃቸው ይገፉት ነበር። አሁን እጁ የለም። ለበጎቹ ብዬ ልጄን ልቅበር?»

 ሚስቱ እግር ልታጥበኝ ውኃ አመጣች፤ ታጥቤ ተኛሁ።

በማግስቱ የሚካኤል ዝክር ነበር። አባቴ በየዓመቱ ይዘክራሉ። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረጉ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። በእኛ አገር አባትና ልጅ ሲካረሩ ነገሩ የሚነሳው በንስሐ አባት ፊት ነው፤ እሳቸው ያሉት ይጸናል። ወንድሜ ተነስቶ ነጠላውን አደግድጎ ተናገረ። መልካም አድርጎ ነው የተናገረው። ጠመንጃውን ቢሰጡት በጎቹን ራሱ እንደሚጠብቅ፣ መቀባበያውንም በእሳቸው መንገድ ቀስ አድርጎ እንደሚመልስ ቃል ገባ። ይህን ሲል አባቴ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ የነገርኩት እኔ መሆኔን አወቁ።

ቄሱ አባቴን በለሆሳስ ጠየቋቸው። «ምን ይላሉ? እጅዎ ይችላል?»

«ይችላል፣ አባ።»

«እንግዲያው ያሳዩን። ከቻሉ ማንም አይነካብዎትም።»

ወጣን። ቀኑ ብራ ነበር፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። አባቴ ከካቡ ጀርባ ቆመው አፈሙዙን ወደ ገደሉ አዞሩ። ሰደፉን በግራ ብብታቸው አጥብቀው ያዙና መቀባበያውን ሳቡ። ሙሉ በሙሉ ሳቧት። ወንድሜ ትንፋሹን ሲያወጣ ሰማሁት፤ ደስ ብሎት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ቀስ እያሉ መለሷት። እንደ ወትሮዋ ልትዘጋ ጥቂት ሲቀራት ቆመች።

መዳፋቸውን አስጠግተው ገፉ። አልሄደችም። እንደገና ገፉ። መዳፋቸው ተንሸራቶ ብረቱ ቆዳቸውን ላጠው። ጠመንጃውን ካቡ ላይ አስደግፈው በትከሻቸው ጭምር ተጫኑት። አሁንም አልተዘጋችም።

«አባባ፣ እንደገና ስበው ይልቀቋት» አለ ወንድሜ። «ግድ የለም፣ ይልቀቋት። ራሷ ትዘጋለች።»

እውነቱን ነበር። መሳብ አላቃታቸውም። ስበው ቢለቋት ኖሮ ጮኻ ትዘጋና ጠመንጃው የእሳቸው እንደሆነ ይቀር ነበር። በጎቹ ጠዋት ተሰማርተዋል፤ በጉረኖው ውስጥ የሚበረግግ አንድ ግልገል እንኳ አልነበረም። እኔም «ይልቀቋት» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ወደ ባዶው ጉረኖ ተመለከቱ። ከዚያ ካዝናውን ነቀሉ፣ የጎረሰውንም ጥይት አወጡ። ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ለወንድሜ ዘረጉለት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ተቀበለና ጉልበታቸውን ሳመ። ቄሱ «እግዚአብሔር ያክብርልን» አሉ። ነገሩ በሰላም አለቀ ብዬ አሰብኩ። ሁላችንም እንደዚያ ነበር ያሰብነው። የወንድሜ ሚስት ጠላ ልትጨምር ወደ ቤት ገባች።

እኛም ልንገባ ስንል አባቴ የቄሱን ካባ ያዝ አደረጉ።

«አባ፣ ይቆዩ። እርስዎም ልጆቼም ባላችሁበት ኑዛዜዬን ይስሙኝ።»

ቄሱ ደነገጡ። «ምነው? ምን ሆኑና?»

«ምንም አልሆንኩም» አሉ አባቴ፣ ካቡ ላይ እየተቀመጡ። «ከእንግዲህ ምን እጠብቃለሁ?»

ስለ ሞት አንድ ቃል የተነፈሰ አልነበረም። እሳቸው ግን የደማውን መዳፋቸውን በበርኖሳቸው ጠርገው ጀመሩ። ከታች ያለው ማሳ ለማን፣ በሬዎቹ ለማን፣ የፍታታቸው ወጪ ከየትኛው በግ ሽያጭ እንደሚወጣ እየቆጠሩ ተናገሩ። ድምፃቸው ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው የተረጋጋ ነበር። ወንድሜ ጠመንጃውን እንደታቀፈ ድምፁን አውጥቶ ያለቅስ ጀመር።

ስሜን ጠሩ። አቤት አልኩ። ድርሻዬን ነገሩኝ። እሺ አልኩ።