ቤት ያልመታ ልቅሶ

የአባትሽ አርባ ከወጣ በኋላ መሳቢያውን ሳራግፍ አንድ የቀይ ቀለም ጠርሙስ አገኘሁ። ቀለሙ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል፤ ሽታው ግን አለ፤ የዝገትና የኮምጣጤ ዓይነት። ያን ሽታ ስስበው የግራ ጆሮዬ ጮኸ። ልጅ ሆነሽ ይህ ጆሮዬ ለምን እንደማይሰማ ስትጠይቂኝ ብርድ መትቶት ነው እልሽ ነበር። ብርድ አይደለም።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ደርግ መሠረተ ትምህርት ያስጀመረበት ጊዜ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ እዚሁ ደባርቅ እንዳስተምር ተመደብኩ። በቀበሌው አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር የማስተምረው። ከሊማሊሞ በኩል ጉም እየገባ ሰሌዳውን ያረጥበውና ጠመኔው አልጽፍ ይለኝ ነበር። አዳራሹ እርጥብ ጋቢና የበግ ለምድ ይሸት ነበር። ተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ ወላጆቼን ያህላሉ።

ከመካከላቸው አንዷ አስለቃሽ ነበረች። ከዳባት እስከ ደባርቅ ሰው ሲሞት የምትጠራው እሷ ነበረች። ቆማ ሟቹን በግጥም ስትጠራው ጠላቱ እንኳ ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል ይባልላት ነበር። እኔን ልታሾፍብኝ «የኔታ» ትለኛለች።

«የኔታ፣ ይቺ ፊደል እግሯን ምን ነካት? አንካሳ ናት እኮ!»

ከኋላ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «አንቺ ፊደል ከለየሽማ የኔም በቅሎ ትመዝገብ» አሏት።

«ግድ የለም፣ እርስዎ ሲሞቱ በጽሑፍ ነው የማለቅስልዎት። ጉሮሮዬን አላደክምም» ብላ መለሰችላቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ እሳቸውም ሳቁ።

አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ ወፍጮ ቤት የሚሠራ። አንድ ረቡዕ ጠዋት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ከወፍጮው ላይ ዱቄት እንደለበሰ ወሰዱት። ዓርብ ጠዋት ከእህል ተራው ፊት ለፊት፣ መኪና መንገዱ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ደረቱ ላይ «ፀረ ሕዝብ» የሚል ካርቶን ተሰክቶ ነበር። ከቀኝ ዓይኑ በላይ ግንባር የሚባል ነገር አልነበረውም። ጫማውን አንድ ሰው አውልቆ ወስዶታል። የጥበቃ ሰዎች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ፣ ያለቀሰም ጥቁር የለበሰም ከእሱ ጋር እንደሚቆጠር ተናገሩ። ሬሳውም እስኪመሽ ማንም እንዳይነካው ታዘዘ።

እናቱ ከመንገዱ ማዶ ተቀመጠች። በቀሚሷ ድንጋይ ሰብስባ ውሾቹ ላይ ስትወረውር ዋለች። ድምፅ አላወጣችም። ያ ሁሉ ያስለቀሰችው ሰው በጓሮ እየዞረ አለፈ። እኔም በጓሮ ዞሬ አለፍኩ። ድንጋዩ ሲያርፍና ውሻው ሲጮህ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ነጭ ለብሳ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። የገዛ ራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ አልኳቸው። ሌሎቹ ስለ ላምና ስለ ወተት ጻፉ። እሷ እርሳሱን እንደ መርፌ ይዛ፣ ምላሷን ነክሳ፣ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጻፈች። ደብተሯን ስትሰጠኝ፣ «አፌን ነው የከለከሉኝ፣ የኔታ። እጄን ማን ከለከለኝ?» አለችኝ።

አራት መስመር ነበር። ሦስቱ እንዲህ ይላሉ፦

*ማክሰኞ ሸሚዝህን አጠብኩ።*
*የአንገቱ እድፍ አልለቅ አለኝ።*
*ነገ በፀሐይ አየዋለሁ ብዬ ገመድ ላይ ተውኩት።*

አራተኛዋን እደርስባታለሁ።

ለሌላ ሰው ልጅ ስትገጥም ቤት መምታት አንድ ቀን ስታ አታውቅም። ለራሷ ልጅ ግን ቤት የሚመታ ነገር አልጻፈችም። ያን ገጽ ቀድጄ ማቃጠል ነበረብኝ፤ ይህን አውቅ ነበር። ግን በቀይ ቀለም፣ ከግርጌው «ግጥም ነው። በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩና መለስኩላት። አስተማሪነቴ ነው መሰለኝ። ጥሩ ነገር አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በሁለተኛው ሳምንት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ መጥቶ ደብተሮቹን ሰበሰበ። በማግስቱ እኔንና አስለቃሿን ወደ ጥበቃው ቢሮ ወሰዱን። ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ወለሉ ላይ አሁንም የገብስ ፍሬ ተበትኗል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አዲስ ኖራ ተቀብቶ፣ ከኖራው ሥር ቡናማ ነገር ይታይ ነበር። የጥበቃው አዛዥ የእሷን ደብተር ከፊቱ ዘርግቶ፣ ሽጉጡን ላዩ ላይ አስቀምጦታል። በየበዓሉ ሰልፍ የራሱን ግጥም የሚያነብልን ሰው ነው፤ ሁልጊዜም አጨብጭበንለታል።

«‹ግጥም ነው› ብሎ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ተነሥቶ በጥፊ መታኝ። ራሴን ወለሉ ላይ ሳገኘው አፌ ገብስና ደም ሞልቶት፣ ጆሮዬ ውስጥ ደወል ይደወል ነበር። ደወሉ ለብዙ ወር አልቆመም፤ ሲቆም ደግሞ ጆሮው አብሮት ሄደ።

«ግጥም ከሆነ ቅስቀሳ ነው» አለ አዛዡ። «ግጥም ከአፍ አፍ አገር ያዳርሳል። ያኔ ጸሐፊዋም መስካሪዋም ያ ልጅ በሄደበት ትሄዳላችሁ። ካልሆነ የባልቴት ልፍለፋ ነው፤ ገርፌ እለቃታለሁ። እኔ ራሴ ገጣሚ ነኝ፤ ግን እንዳልታማ ባለሙያ ይፍረድ።»

ባለሙያ ብለው ያመጡት የሁለተኛ ደረጃውን የአማርኛ መምህር ነበር። አባትሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው። ቀጭን ነበር፤ የኮቱ እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል። ደብተሩን ሰጡት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ቤቱ እንደዚያ እየበረደ ከጆሮ ግንዱ ላብ ሲወርድ አየሁ።

«ግጥም አይደለም» አለ።

«ለምን?»

«ቤት አይመታም። ምጣኔም የለውም፤ አንዱ መስመር ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። የጓድን ግጥም ሰው አንዴ ሰምቶ በቃሉ ይይዘዋል። ይህን ማን ይይዘዋል? እድፍ፣ ገመድ… የልብስ አጠባ ወሬ ነው።»

አዛዡ ደስታውን ለመደበቅ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ወደ አስለቃሿ ዞረ።

«ሰማሽ? አሁን አንቺ ራስሽ በይው። ግጥም አይደለም በይ።»

ዕድሜዋን ሙሉ በግጥም የታወቀች፣ በዚህ የተከበረች ሴት ናት። ከወለሉ ላይ ሆኜ በዓይኔ ለመንኳት። አባትሽም ወደ እሷ ሳያይ ደብተሩን ጨብጦ ቆሟል።

«አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ለልጄ ገና አልገጠምኩለትም።»

«ገና?» አለ አዛዡ።

በሆዷ አስተኟት። «መምህር፣ እግሯን ያዝ» ብሎ አዘዘ። አባትሽም ያዘ። ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ውስጥ እግሯ በጎማ ሲገረፍ ፊቱን ወደ ኖራው አዙሮ ነበር። ጎማው አልፎ አልፎ የእሱን ጣቶች ያገኛቸዋል፤ አልለቀቀም፤ ቢለቅ እንደ አዲስ እንደሚጀመር ነግረውታል። ቆዳው እስኪተረተር እሷ አልጮኸችም። የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ሲያበቁ አዛዡ ደብተሩን በክብሪት ለኩሶ ባልዲ ውስጥ ጣለው፤ መጋዘኑን የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ሞላው።

በቃሬዛ ዳባት፣ እኅቷ ዘንድ ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ በማንም ለቅሶ ላይ አልቆመችም። ሊጠሯት የሚመጡትን፣ «የልጄ ሳይደርስ የሰው አላስቀድምም» ብላ ትመልሳቸው ነበር አሉ።

አባትሽን ያገባሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እግሯን የያዘውን ሰው እንዴት እሺ አልሽው ያሉኝ ነበሩ። ሌላ መልስ ቢሰጥ እሷም እኔም መንገድ ዳር እንጣል እንደነበር አውቃለሁ። እሱ ግን ይህን ለራሱ ብሎት አያውቅም። ጠዋት ጫማውን ሲያስር አራቱን መስመር በሹክሹክታ ሲደግም እሰማው ነበር።

«ያን ቀን ስሕተት ስፈልግ ያገኘሁት ቤት አለመምታቱን ብቻ ነው» አለኝ አንድ ጊዜ። «እሱም ስሕተት አልነበረም። ሄጄ ልነግራት ይገባል።»

አንቺን አርግዤ ሳለሁ በአውቶቡስ ዳባት ሄድን። ደርግ ገና አልወደቀም። አስለቃሿ ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር። አንድ እግሯ ወደ ውስጥ ተጣሟል። አባትሽ ጉልበቷን ሊስም ሲጎነበስ፣ «ኧረ ተነሥ፣ አንተ ደግሞ እግር መያዝ ለመደብህ» አለችው። እሷ ሳቀች፤ እሱ አልቻለም።

«እማማ፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ። ግጥም ነበር። ማን ይይዘዋል ብዬ ነበር፤ እኔ ይዤዋለሁ።»

«እስቲ በለው» አለችና ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች።

ዓይኑን ጨፍኖ አለው። ሦስቱን መስመር እንደነገርኩሽ አለ። አራተኛዋንም አስከተለ፦

*ጉሙ ወረደ፤ አንተም አልመጣህ፣ እኔም አላነሣሁት።*

ራሷን ነቀነቀች።

«ቤት አስመታኸው።»

«ምን አሉኝ?»

«ተውኩት፣ አላነሣሁት። ቤት መታ እኮ! እኔ እንዲህ አላልኩም።»

አባትሽ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ያቺን መስመር ለዓመታት የሰማኋት ከእሱ አፍ ነው፤ በደብተሩ ላይ ያነበብኩት ከእሱ ድምፅ ሥር ጠፍቶብኛል።

«ታዲያ ምን ነበር ያሉት፣ እማማ?» አልኳት።

ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ጣቷን በጭኗ ላይ፣ ፊደል እንደሚጽፍ ሰው፣ ትንሽ አስኬደችና አቆመች።

«ጠፋኝ» አለች። «ይቺ ግን አይደለችም።»

ሰፌዱን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች። አባትሽ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና አብሯት ከምስሩ ጠጠር ይለቅም ጀመር። አውቶቡሱ እስኪመጣ ለቀሙ።