የጀርመን መርከበኛ ምልክት በጀርባው ሲታይ

አባቴ ትምህርት ቤት አላስገባኝም። ታናሽ ወንድሜን አስገባ፤ እኔን መርፌ አስያዘኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሀግ ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጸሎት ቤታችን ምድር ቤት፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ፊት ተቀምጬ።

ይህን ቂም የቀሰቀሰብኝ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ራይስዋይክ ከሚባል የዳር ከተማ ቢሮ አጽድቼ ስመለስ ዝናብ ይዞኝ አንድ ድንኳን ሥር ተጠለልኩ። ጠረጴዛው ላይ በቢጫ ክር መልሕቅ የተጠለፈበት ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፤ ከእጅጌ የተፈታ፣ የድሮ የጀርመን መርከበኛ ምልክት። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። እጄ ሳላዘው ገለበጠውና ቋጠሮዎቹን አየሁ፤ ወዲያው መርካቶ፣ አባቴ ሱቅ፣ ክሩን በሰም እያሸሁ ራሴን አገኘሁት።

አባቴ ለወታደሮች የማዕረግ ምልክት ይሰፋ ነበር። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሣ ደንበኛው ደጅ ቆሞ ትከሻውን ብቻ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ መስተዋታችን ስባሪ ስለነበር ሻለቃ የሆነ ሰው በመጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ ዞሮ በግራ ሻለቃ መሆኑን ያያል። እየሣቀ ይሄዳል። እኔ ጎንበስ ብዬ ወርቃማውን ክር ስስብ ወንድሜ ደብተሩን ይዞ በደጃችን ያልፋል፤ ቀና ካልኩ አባቴ በሜትር እንጨት ጣቴን ይመታኛል።

ከዚያ ዝናብ በኋላ የዕረፍት ቀኔን ሁሉ ሮተርዳምና አምስተርዳም የወታደር ምልክት ሰብሳቢዎች ዘንድ አዋልኩት። የመድፈኞችን ምልክት፣ ለጎበዝ ተኳሽ የሚሸለመውን ጉንጉን ገመድ፣ ተኳሹ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ጫፉ ላይ የሚጨመርለትን የባሉጥ ፍሬ የሚመስል ጌጥ ሁሉ ለቀምኩ። ሌሎቹ መጽሐፍ ገልጠው ያመሳክራሉ። እኔ አላነብም፤ እገለብጣለሁ።

ሮተርዳም አንድ ሽማግሌ ሻጭ፣ «ፊቱ በዚህ ነው እኮ ወዳጄ!» ብሎ ሣቀብኝ።

«ፊቱ ይዋሻል» አልኩት፤ «ይሄ የትናንት የመኪና ስፌት ነው።»

ማጉያ መነጽር አምጥቶ አየና ምልክቱን ከጠረጴዛው አነሣው። ከዚያ ወዲህ ዕቃ በመጣለት ቁጥር ይጠራኝ ጀመር።

የጸሎት ቤት ሰዎች፣ «ጋሼ፣ የጀርመን ባሕር ኃይል ጡረታ ሊቆርጥልዎ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። የተኮሰው ተሸለመ፤ ዓይኑን አጥፍቶ የተሸለመበትን ክር የጠለፈውን ግን ማን ያውቀዋል? ቤቴ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ምልክቶቹን መሳቢያ ውስጥ በፊታቸው ደፍቼ ነው የማስቀምጣቸው።

መጻፍ እንደቻልኩ የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ለአባቴ ላክሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ለምን እኔን? ወንድሜ አነበበለትና አባቴ ራሱ ደወለ።

«ዓይኔ እየጠፋ ነበር» አለኝ፤ «ሠራዊቱ ቢያውቅ ሥራውን ይነሣኝ ነበር። የወንድምህ እጅ ደነዝ ነው። ያንተ ዓይን ነው ሁላችንንም ያበላን። ለሰው መናገር አፈርኩ።» ቀጥሎም፣ «በድዬሃለሁ ልጄ» አለ።

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። «እሺ አባባ» ብቻ ወጣኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ምልክት አልገዛሁም። ቂሜ ለካ አብሮኝ የሚኖር ሰው ኖሯል፤ እሱም ሄደና ክፍሉ ሰፋብኝ። ትራሙ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ እሰማለሁ፣ ሌላ የሚሰማ የለም። አባቴ በደሉን በአፉ ያመነው ቅዳሜ፣ ኅዳር 17 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው።