ውሃ ልክና የቁም ሳጥኔ ቱቦ

ባሌን ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ታፔላ ጻፊ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ማስመሪያ ሳይነካ ፊደል ሲደረድር አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ አያውቅም። ስሙን ይወደዋል። አልወደውም ቢላችሁ እንዳታምኑት።

አምና እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገረም፤ ለእኔም ጭምር። እኔ ግን ሻይ ሲጠጣ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንጫጫ እሰማለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁ። ሥራ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ በሰበብ ይሸኛል፤ አንዴ ቀለም ጠፋ፣ አንዴ ወገቤን። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ከዚያ የመጨረሻ ልጃችን ፀጉር ቤት ልትከፍት ሆነና፣ ከበሩ በላይ ከጫፍ ጫፍ የሚዘረጋውን ታፔላ ከአባዬ በቀር ማንም አይጽፍልኝም አለች። ለእሷ ደግሞ ምን ሰበብ ይስጣት? እሺ አለ፤ ምሳውን ግን ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግስቱ አንድ ብልሃት አመጣ። ከሰሌዳው ፊት አግድም ብረት ይዘረጋል፤ ብረቱ ላይ የተሰካ የተበሳ እንጨት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ የእጁ አንጓ እዚያ እንጨት ላይ ካረፈ እጁ የት ይሄዳል? ሐሳቡስ ጥሩ ነበር። ብረት ሻጩ ቱቦ ቢያሳየው ግን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር አይታመንም ብሎ፣ ጣት የሚያህል ድፍን ዘንግ አስቆርጦ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሲገባ የመስኮቴን መስታወት ሊያረግፈው ጥቂት ቀረው።

አሮጌ ሰሌዳ ላይ ሞከረው። እጁ ንቅንቅ አላለም። ራቅ ብለን ስናየው ግን የዳሮቹ ፊደሎች ከላይ ቀርተው የመሃሎቹ ወርደዋል፤ ጽሑፉ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ለካ ዘንጉ እጅ ሳይጨመርበት ገና በራሱ ክብደት ጎብጧል። ብሩሹን አስቀመጠና፣

«ለልጅቷ ሌላ ሰው ፈልጊላት። እጄ አልቆለታል» አለኝ።

ስለ እጁ አፍ አውጥቶ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። አንጀቴን በላው። እንባዬን እንዳያይብኝ መኝታ ቤት ገባሁና ልብስ የማጣጥፍ መስዬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ቁም ሳጥን ነው። የእኔ ካፖርቶች፣ የእሱ ሙሉ ልብሶች፣ ልጆቹ ትተውት የሄዱት ኮተት ሁሉ ስንት ዘመን ተንጠልጥሎበት፣ መስቀያው ቀጥ እንዳለ ነው። መስቀያው ደግሞ ከዘንጉ ወፈር ያለ ቱቦ ነው፤ ያውም ውስጡ ባዶ የሆነ። ልብሱን አልጋው ላይ ዘርግፌ ቱቦውን ነቀልኩት።

«እንካ» አልኩት። «የእኔን ካፖርት ሁሉ ተሸክሞ ወገቤን ያላለ፣ ያንተ እጅ ይከብደዋል?»

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቁመቱ አየው። ሁለት ወንበር ላይ አጋድሞ መሃሉን ተጫኚው አለኝ። እኔን የሚያህል ሴትዮ ተጫንኩት፤ ምንም አላለም። ያኔ ሳቀ። ሳቁ ናፍቆኝ ነበር። እንጨቱን አስፍቶ በሳው፣ እንዳይንገጫገጭ ውስጡን በአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ለበጠው፣ ቱቦውን ሻማ ቀባውና ሥራ ጀመረ።

ፀጉር ቤቱ የተከፈተ ቀን ልጃችን ሽቅብ እያየች፣ የአባዬ እጅ ዛሬም ውሃ ልክ ነው ብላ ለእንግዶቹ ጎረረች። እሱ እጁን ከኪሱ አወጣና ሰው ሁሉ እያየ ዘረጋላት። ይንቀጠቀጣል።

«እጄስ ይኸው ነው፣ ልጄ» አላት። «ውሃ ልኳ እናትሽ ናት።»

እጁን ያዝኩና ይዤው ወደ ውስጥ ገባሁ።

ድፍኑ ዘንግ አሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ልብሱ ሁሉ ተንሸራቶ መሃል ላይ ይከመራል፤ አንድ ቀሚስ ለማውጣት ትግል ነው። ጎረቤቴ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያለች ትስቅብኛለች። ባሌም አዲስ ቱቦ እገዛልሻለሁ እንዳለ ነው፤ ሥራ በዝቶበት ግን ብረት ሻጩ ጋ የሚደርስበት ጊዜ አላገኘም። አይድረስ።