የሐምሌ ክርስትና

ለደባርቅ ሰው ጎንደር ቆላ ነው። እኔ ጎንደር ከተማ ተወልጄ ሳድግ ራሴን እንደ ደገኛ ነበር የምቆጥረው፤ ማታ ማታ ሹራብ የምንደርብ ሰዎች ነን። አግብቼ ደባርቅ የገባሁ ዕለት ግን አማቴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ይቺ ቆለኛ ክረምታችንን እንዴት ልትችለው ነው?» አሉ። ለባሌ ነው ያሉት፤ ግን እኔ እንድሰማ አድርገው ነው። እኔ ደግሞ ክፉ እልህ አለብኝ። መኪናው መንገድ ላይ ኮሶዬ ሲቆም ነፋሱ ያደነዘዘው ጆሮዬ ገና ሳይመለስልኝ፣ «ኧረ እማማ፣ እኔ ብርድ አልፈራም!» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ «በረደኝ» የምትለዋን ቃል ላላወጣ ማልኩ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ማስቲካ የማኝክ እመስላለሁ። በቀሚሴ ሥር የባሌን ቱታ፣ በቱታው ሥር የራሴን ታይት፣ በካልሲዬ ላይ ሌላ ካልሲ ደራርቤ፣ «ዛሬ እንኳ ቀኑ ለስለስ ብሏል» እላለሁ። አማቴ የእግሬን ውፍረትና ፊቴን ያስተያያሉ። ምናልባት እግሬ ያበጠ መስሏቸው ይሆናል።

እንዲህ እያልኩ ሰኔ ላይ ወለድኩ። ሰው የሚወልድበት ወር ጠፍቶ!

የደባርቅን ክረምት ከልጅ ጋር ያላየ ሰው አላየውም። ጉሙ ሳያንኳኳ በር ገፍቶ ይገባል። የልጅ ጨርቅ ታጥቦ አይደርቅም። ውጭ ካሰጣሁት ከማጠቤ በፊት ከነበረው ይበልጥ ይረጥባል። ስለዚህ ከምድጃው በላይ ገመድ ወጥረን እዚያ እናሰጣለን። ጨርቁ ጭስ ይጠጣል፣ ልጁም በጨርቁ ይጠቀለላል። ሌላው ሰው ሕፃን ሲያቅፍ ወተት ወተት ይሸተዋል፤ የእኔ ልጅ ቋንጣ ቋንጣ ይሸት ነበር።

ባሌ አስጎብኚ ነው። በክረምት ቱሪስት ስለማይመጣ እሱ ከስሜን ተራሮች፣ ከጨነቅ ካምፕ ወርዶ ቤት ይከርማል። ፈረንጅ ያጣ አስጎብኚ ደግሞ ያገኘውን ማስጎብኘቱ አይቀርም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያስጎበኝ ይመስል ልጄን ያስረዳኛል። «አሁን የተቆጣ ይመስልሻል፤ ግን አይደለም፣ ምግብ እየፈለገ ነው። እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ታያለሽ?» አያለሁ እንጂ! የሚጠባው እኮ የእኔን ጡት ነው። እኔም እልሄ ሲመጣ፣ «ጉብኝቱ ስንት ነው?» እለዋለሁ። እሱ ግን ይህን ሁሉ የሚለው ከፍርሃቱ ነው፤ ይገባኛል።

ምክንያቱም ልጁ ሲወለድ ትንሽ ነበር። ገና ጡት በቅጡ ሳይዝ ሳንባ ምች ያዘው። ሐኪም ቤት ተኝተን፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶለት፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ እኔ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር። አምላክ ይመስገን ተረፈ። ስንወጣ ሐኪሙ፣ «ብርድ እንዳይመታው፣ አደራ» አለኝ። ይቺን ቃል እንደ ማዕተብ አንገቴ ላይ አሰርኳት።

ቤት ስንገባ አማቴ የክርስትናውን ጠላ ጠንስሰው ጠበቁኝ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳው፤ አርባ ቀኑ ደግሞ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይውላል። በዚያ ወር እጅ የማይነካው የምንጭ ውኃ ውስጥ ልጄን ሲነክሩት ታየኝ።

«እማማ፣ መስከረም ቢጠባ አይሻልም?» አልኩ።

«ለምን?»

«መንገዱ ጭቃ ነው።»

«ጭቃ መች አጥተን እናውቃለን?»

«የክርስትና አባቱም ከዳባት ነው የሚመጣው፤ በዚህ ዝናብ ይቸገራል።»

«ዳባትና ደባርቅ ምን ርቀት አላቸው! በእግሩስ ቢመጣ?»

ጠላው በደንብ አልደረሰም አልኩ። ዘመዶቼ አይመቻቸውም አልኩ። ያላልኩት አልነበረም፣ «ብርድ» ከምትለው ከአንዲቷ ቃል በቀር። እሷማ ጉሮሮዬ ላይ ቆማ እንደ ዓሣ አጥንት እየወጋችኝ አልወጣ አለች። አማቴ በመጨረሻ ፊታቸው ተለወጠና፣ «ልጄ፣ በዚህ ነገር አትለምኚኝ። ቀኑ አያልፍም» ብለው ተነስተው ሄዱ። እኔም በሆዴ፣ «ለወግ ሲሉ ልጄን ሊገድሉት ነው» ብዬ ተቀየምኳቸው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ እኔ ግን ሊቅ የመሆን ሐሳብ አልነበረኝም።

የነበረኝ ሐሳብ ፔርሙዝ ነበር። ለአራስ ጥየቃ የመጡ ዘመዶቼ ያመጡልኝ አበባ የተሳለባቸው ሁለት አንድ ዓይነት ፔርሙዞች አሉኝ። በአንዱ የፈላ ውኃ ሞልቼ በነጠላዬ ሥር ይዤ እሄዳለሁ፤ ማንም ሳያየኝ የማጥመቂያው ገንዳ ውስጥ ጨምሬ ውኃውን ለብ አደርገዋለሁ። ይኸው ነው። ኃጢአቱንም አስቤበታለሁ። ካህኑ ጸሎቱን ሳያደርሱ ከሆነ ውኃ ያው ውኃ ነው፣ ማንንም አልደፍርም ብዬ፣ ራሴ ተናዝዤ ራሴ ፈታሁት።

እሑድ ማለዳ፣ የፈላውን ውኃ ሞልቼ ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ልጄን ለማልበስ ገባሁ። ስመለስ ከፔርሙዜ አጠገብ መንታው ቆሟል። አማቴ ከቅዳሴ ስመለስ እንድጠጣው አጥሚቴን ሞልተውበታል። እኔ መቼ አስተዋልኩ? «ኧረ ውጪ፣ ረፈደ!» ሲሉኝ ለእጄ የቀረበውን አንስቼ ነጠላዬ ሥር ከተትኩና ወጣሁ።

አማቴ ልጁን በጋቢያቸው ጠቅልለው ፊት ፊት ይሄዳሉ። ባሌ ከኋላ ጃንጥላ ይዞልናል፤ ለእናቱና ለእኔ እኩል ለማድረስ ሲል ለማንኛችንም አልደረሰም። እኔ ብብቴ ሥር ያለውን ሙቀት እያዳመጥኩ በጭቃው ውስጥ እንደ ሌባ እራመዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼም ነበር። «እናት ማለት ይቺ ናት» እያልኩ።

ክርስትና ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው። ዲያቆኑ ገንዳውን በምንጭ ውኃ እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። አማቴ ልጁን ይዘው ውጭ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመዋል። ወንዶቹ ከካህኑ ጋር ናቸው። «የልጁን ልብስ ላስቀምጥ» ብዬ ገባሁ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም! ክዳኑን ከፈትኩና ገለበጥኩት።

ውኃ ሲንቆረቆር የሚያሰማውን ድምፅ ስጠብቅ፣ ቦጭ አለ። ደግሞ ቦጭ። የቅቤና የማር ሽታ ፊቴን መታው። አፍንጫዬ ገብቶታል፤ እጄ ግን ስለቸኮለ እስኪያልቅ ድረስ አንደቀደቀው።

ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኸው ነው።

አጥሚቱ ሰምጦ የገንዳው ወለል ላይ ተኛ። ቅቤው ቀዝቃዛውን ውኃ ሲያገኝ እዚያው ረግቶ በላይ በላዩ ተንሳፈፈ። ነገሩ ጨርሶ ያልተበላሸ መስሎኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ቅቤውን በእጄ መልቀም ጀመርኩ። የውኃው ቅዝቃዜ እንዴት እንደሚያቃጥል! እጄ እስከ ክርኔ ድረስ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። አንዱን ስይዝ ሌላው ይሸሸኛል፤ የያዝኩትንም የት እንደማደርገው አላውቅም። በዚህ መሃል ዲያቆኑ ገባ። ጥላሸት የለበሰ ትልቅ ማንቆርቆሪያ በሁለት እጁ ይዟል፤ ከማንቆርቆሪያው አፍ እንፋሎት ይወጣል።

«እንዴ! እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ውኃው... ትንሽ እንዲሞቅ ብዬ...»

ገንዳውን አየ። ፔርሙዙን አየ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጎ አሳየኝና፣ «ታዲያ እኔ ምን ላመጣ የሄድኩ መሰለሽ?» አለኝ።

ለካ በክረምት ሕፃን ክርስትና በሚነሳበት ቀን ሁሉ፣ ግቢው ውስጥ ያሉት መነኩሲት ከማለዳው ውኃ ይጥዳሉ። ደባርቅ ውስጥ ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም አጥሚት ይዛ መጣች።

ካህኑ መጡ። ባሌ መጣ። የክርስትና አባትየውም ከዳባት ድረስ መጥቶ በበሩ አንገቱን አስግጎ አየኝ። አማቴ ልጁን እንደታቀፉ ገቡ። ካህኑ፣ የንስሐ አባቴ ናቸው፣ ገንዳው ላይ ጎንበስ አሉና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«የገብስ ነው የአጃ?» አሉ።

አማቴ ናቸው የመለሱት፤ የእጃቸውን ሥራ ከሽታው አውቀውታል። «የአጃ ነው አባቴ። ጥሩ ማር ነበረው።»

ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቅ ነው። እኔ ግን አለቀስኩ። እየተንሰቀሰቅሁ፣ «ልጄ ብርድ ይመታብኛል ብዬ ነው አባቴ፣ ሳንባው ታሞብኝ ነበር፣ ፈርቼ ነው» አልኩ። ከጋብቻዬ ወዲህ ብርድ መፍራቴን ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም እጄ ቅቤ በቅቤ ሆኖ በሰው ፊት።

«ልጄ፣» አሉ ካህኑ፣ «ይህን ቤት ሳለሽ ብትናገሪ ምን ነበረበት?»

አሁን የእኔን ብልሃት ፍሬ ተመልከቱ። የረጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም። ስለዚህ ገንዳውን ለማጠብ የዲያቆኑ የፈላ ውኃ እስከ መጨረሻው ጠብታ አለቀ። ለክርስትናው ከምንጩ አዲስ ውኃ ተቀዳ። ሌላ እስኪፈላ እንዳይጠበቅ ቅዳሴው ሊደርስ ነው። በዚያ ክረምት ደባርቅ ውስጥ ክርስትና ከተነሱት ሕፃናት ሁሉ በቀዝቃዛ ውኃ የተጠመቀው የእኔ ልጅ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ካህኑ ሲያጠልቁት ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ልጄ ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያች ገላ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? የቆርቆሮውን ዝናብ ጸጥ አሰኘው። ደግመው አጠለቁት፣ ደገመው። ሲሠልሱት እሱም ሠለሰ። ካህኑ ከጢማቸው ላይ ውኃ እየጠረጉ፣ «ታመመ ያላችሁት ሳንባ ይሄ ነው?» አሉ። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። እየሳቅሁ ነበር፣ እያለቀስኩም ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ዝናቡ ስለበረታ እኔና አማቴ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቀረን። ልጁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ እየጠባ ነው፤ ሰውነቱ እንደ እሳት ይሞቃል። አሁን ነው ቁጣው የሚወርድብኝ ብዬ ጠበቅሁ። አማቴ ግን ዝናቡን እያዩ፣ «ከባልሽ በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ።

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

«እሱም ሰኔ ነው የተወለደው። እሱም ደረቱን ያመው ነበር። አርባው ሲደርስ እኔም እንዳንቺ ብርዱን ፈራሁ። ትንሽ ይበርታ፣ ሰማዩም ይገለጥ ብዬ ካህናቱን ለመንኳቸው፣ እሺ አሉኝ። ነሐሴ ላይ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ።» በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አልተቀበረም። ፍትሐትም የለው። ለሙታን የሚታሰብ ስም ስጡ ሲባል የአባቴን እሰጣለሁ፣ የእናቴን እሰጣለሁ። ለእሱ የምሰጠው የክርስትና ስም የለኝም።»

ስንት ቀን በሆዴ «ገዳይ» ስላቸው ነው የከረምኩት። ጠጋ አልኩና ትከሻዬን ከትከሻቸው ጋር አደረግሁ። አልሸሹኝም።

«ስሙን ማን አሉት?» አሉኝ። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አልሰማሁም።»

የልጄን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። ቀስ ብለው አሉት። ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ገበያ ላይ ቁና የሚበደር ሰው እንደሚያፍረው፣ «ልጄ፣ ያኛውንም በዚህ ስም ብጠራው ትቀየሚኛለሽ?» አሉ።

«አጎቱ አይደል እማማ?» አልኩ። «ይጥሩት።»

ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መለሱና በዚያ ስም ጠሩት።