ከአምባሰል ባቲ ሁለት ጣት

ስደት የወጣሁት ከሰርግ ቤት ነው። ሌላው ከቤቱ ይወጣል፣ እናቱን ስሞ፣ ስንቁን ይዞ። እኔ የሰርጉን ምግብ እንኳ ሳልቀምስ፣ በዳሱ ጀርባ በቁልቋል አጥር ሾልኬ ወጣሁ። ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ቀርቷት ነበር። መንደሯ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ስሟን ልተወው፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ላይ ሌላ ጣጣ አልጨምርም።

ይማም እባላለሁ፣ ጊታር ተጫዋች ነኝ። መካነ ሰላም ላይ ጊታር ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። የወጣት ማዕከሉ ውስጥ አንዲት ጊታር ነበረች። ስድስት ክር ሊኖራት ሲገባ አንድ በአንድ እየተበጠሰ አንዲት ቀጭን ክር ቀረቻት። ክር የሚሸጠው ደሴ ነው፣ ደሴ ደግሞ ማን ይልከናል? በአንዷ ክር ተማርኩ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቁርኣን አስቀሪ ነበር። ጊታሯን የሸይጣን ሣጥን ይላት ነበር። መንዙማ ሲያወጣ ግን እሱም አምባሰል ነበር የሚገባው፣ እኔም በሆዴ እስቃለሁ።

በዚያ ሰሞን ከተማችን ዛሬ በአንደኞቹ፣ ነገ በሌሎቹ እጅ ነበረች። አንደኞቹ መጥተው «ተጫወት» አሉኝ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ተጫወት ሲላችሁ እናንተ ምን ትላላችሁ? ተጫወትኩ። እነሱ ሲወጡ ሌሎቹ ገቡና «ለእነዚያ የዘፈነው የታል?» ማለት ጀመሩ። እኔም ከተማ መግባት ትቼ በየገጠሩ ሰርግ እየተጫወትኩ መዋል ማደር ሆነ ሥራዬ።

የዚያን ቀን ከበሮ የሚመታው አብሮ አደጌ ከማል ነበር። ትዝታ ላይ ብዙ ቆይተን፣ አምባሰል ገብተን፣ ወደ ባቲ ልሻገር ጣቴን ሳነሳ የሙሽራዋ አያት ጎንበስ አሉና በጆሮዬ «አንተ ልጅ፣ መኪና መጥቷል። ባቲውን ተወውና በጓሮ ውጣ» አሉኝ። ከማል ሰምቷል። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከበሮውን አበረታው፣ ድምፁንም ለቀቀው፣ ጨዋታው ያልተቋረጠ እንዲመስላቸው ብሎ ነው። የሚፈልጉኝ ታጣቂዎች ከማልን ወሰዱት፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ ስለሱ ልጽፍ ተቀምጬ አውቃለሁ፣ እጄ እምቢ ይለኛል።

መንገዱን አላወራም። መተማን፣ ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን ያለፈ ያውቀዋል። ያላለፈ ሳያውቀው ይቅር። ሊቢያ ላይ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ሩህ» ነበር፣ ሂድ ማለት ነው፣ በዱላ ነው የሚያስተምሩት። ይህን ቃል ይዤ ጀርመን ገባሁ።

ጀርመን ሃይም የሚሉት የስደተኛ ማደሪያ ውስጥ አስገቡን። አንድ በጎ ሰው ያገለገለ ጊታር ሰጠኝና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ መነካካት ስጀምር ሃውስማይስተሩ፣ የቤቱ ጠባቂ መሆኑ ነው፣ በሩን በርግዶ «ሩኸ!» ብሎ ጮኸብኝ። ወላሂ፣ ያው የሊቢያው «ሩህ» ነው የመሰለኝ። እዚህም ደረሱብኝ! ብርድ ልብሴን ይዤ ወጣሁ። በረዶው ላይ ቆሜ ሳለ ሰውየው ተከትሎኝ መጣና እጁን እያወናጨፈ ሌላ ነገር አወራልኝ። እኔ ወደ አጥሩ በር ተጠጋሁ። እሱ አሁንም «ሩኸ፣ ሩኸ!» ይላል፣ ተረጋጋ ማለቱ ነው ለካ። እኔ በሩን አልፌ መንገድ ገባሁ። በኋላ አብሮኝ የሚያድር ሶርያዊ ሆዱን ይዞ እየሳቀ መጥቶ መለሰኝ። በነሱ ቋንቋ ጸጥታ ማለት ነው አለኝ። እዚህ አገር ሂድና ዝም በል አንድ ቃል ናቸው ብዬ ያዝኩት።

ብርዱን አትጠይቁኝ። እኛ የመካነ ሰላም ልጆች ብርድ እናውቃለን ብለን እንኮራ የለ? የኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል፣ የዚህኛው እፍረት የለውም። ምግቡ ድንች ነው። አገሬም ያሳደገኝ ድንች ነው፣ ግን ድንች ያለ በርበሬ የበሽተኛ ምግብ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ሰላምታው። ደረጃ ላይ የማገኛት አሮጊት «ሃሎ» ትልና ታልፋለች። እኔ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ቤቱ ደህና ልል አፌን ከፍቼ እቀራለሁ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንሆሩንግ የሚሉት አለ። ለምን እንደመጣህ የምትናገርበት ቀን ነው፣ ዕድልህ እዚያ ነው። መርማሪው ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። አስተርጓሚውም ክፉ አልነበረም፣ አማርኛውም ደህና ነው። ግን በሙሉ ዕድሜው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ዘፈን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነበር፣ ይህን ያወቅሁት ከረፈደ ነው።

«ታጣቂዎቹ ሲመጡ እርስዎ በትክክል ምን ላይ ነበሩ?» አሉኝ።

«ትዝታ ላይ ብዙ ቆይቼ ነበር» አልኩ። «ከዚያ አምባሰል ገባሁ። ወደ ባቲ ልሻገር ስል መጡ።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። መርማሪው መጻፉን አቆመና በሐዘኔታ አየኝ። «ብዙ ጊዜ ትዝታ ውስጥ ይቆያሉ?»

«ሰው ከወደደው እስኪነጋ» አልኩ። «ሥራዬ ነው።»

ይህንንም ጻፈው። ሲያበቃ የጻፈውን መልሶ ማስነበብ ግዴታ አለበት፣ ስህተት እንዳይኖር። አስተርጓሚው ከጀርመንኛው እያየ በአማርኛ አነበበልኝ፦ «አምባሰል ነበርኩ፣ ወደ ባቲ ልሻገር ስል ሰዎቹ መጡ።» «ትክክል ነው?» አለኝ። ትክክል ነዋ! ምን ስህተት አለው? ወደነሱ ቋንቋ ሲገባ የጠፋው ነገር ወደኛ ሲመለስ ዳነ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ ኔጋቲቭ የምንለው የእምቢታ ደብዳቤ መጣ። ጠበቃ የምትሆነኝ አንዲት ደግ ሴት ተገኘች። አስተርጓሚዋ ደግሞ የደሴ ልጅ፣ የምሥራች ትባላለች። ጠበቃዋ ካርታ ዘረጋችና በስክሪብቶ መካነ ሰላምን ነካች፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አምባሰልን፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ባቲን።

«በምን ተሳፍረህ ነው በአንድ ምሽት ይህን ሁሉ የዞርከው ትልሃለች» አለችኝ የምሥራች። «ሰርጉ ከላላ መንገድ ላይ ነው ብለሃል። በዚያው ቀን አምባሰልና ባቲም ነበርኩ ብለሃል። ስለዚህ ሰርጉም ታጣቂውም ውሸት ነው ብለዋል።» ይህን እያለች ፊቷ ይለዋወጣል። አየኋት፣ አየችኝ። «አንተ፣ ቅኝቱን ነው እንዴ?» አለች።

መጀመሪያ ሳቅን። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፣ ጠበቃዋ ግራ ገብቷት ታየናለች። ከዚያ እኔ ሳቁን ማቆም አቃተኝና ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ከማል የሞት ሽረቱን ከበሮ የመታው ለዚህ ነው? እኔ በአውቶቡስ ስዞር አምሽቻለሁ ተብዬ የሱ መወሰድ ውሸት ሊሆን ነው?

ፍርድ ቤት የቀረብነው በክረምታቸው መጨረሻ ነው። ጠበቃዬ የልጇን ጊታር ይዛ መጣች። ዳኛው ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እስቲ አሳዩኝ አለ። ጊታሩን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

ጊታር ለማታውቁ፣ ለዳኛው እንዳስረዳሁት ላስረዳችሁ። አንገቱ ላይ በብረት የተከፋፈሉ ቦታዎች አሉ፣ ፍሬት ይባላሉ። አንዲት ክር ብቻ ያዙ። ምንም ሳትጫኑ ምቷት፣ እሷ መነሻችሁ ናት፣ ማረፊያችሁም እሷ ናት። ከዚያ አንደኛውን፣ አምስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውን ፍሬት በየተራ ተጫኑ። አምባሰል ናችሁ። አሁን መነሻውን፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን ባሉበት ተዉአቸው። አንደኛው ላይ የነበረውን ወደ አራተኛው፣ ስምንተኛው ላይ የነበረውን ወደ አሥራ አንደኛው ውሰዱት። ባቲ ገባችሁ። ይኸው ነው መንገዱ። ሁለት ድምፅ፣ ሦስት ሦስት ፍሬት ወደፊት።

«ስለዚህ ከአምባሰል ባቲ የሄዱት…» አለ ዳኛው።

«በሁለት ጣት ነው። ከወንበሬም አልተነሳሁም።»

ዳኛው ፈገግ አለ። «ትዝታስ?» አለኝ። መነሻው፣ ሁለት፣ አራት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ብዬ ተጫወትኩለት። እነዚሁኑ አንድም ሳልቀይር ማረፊያዬን ዘጠነኛው ላይ ሳደርግ ሌላ ዓይነት ባቲ፣ ሆድ የሚያባባው ባቲ ሆነ። ሰውየው ከመቀመጫው ወደፊት መጣ።

«ድምፆቹ ያው ናቸው?»

«ያው ናቸው። የሚለያቸው የት እንደሚያርፉ ነው።»

ጻፈ። ሙዚቃ ይወዳል መሰለኝ። የምሥራች ዓይኗን ጨፍና ታንጎራጉራለች፣ እኔም አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ የከማል ነገር እውነት ሆነ ብዬ ልቤ ተነፋ። ዳኛው ብዕሩን አስቀምጦ እንደ ዋዛ ጠየቀኝ።

«ባቲ የሚባል ከተማ ግን አለ?»

«አለ እንጂ።»

«ሄደው ያውቃሉ?»

«ኧረ በአላህ! በጭራሽ!» አልኩ። ሞቅ ብሎኛል። «ከኛ አገር ደሴ ለመድረስ ብቻ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ነው። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ቁልቁል ቆላ። ባቲ ላይ አንድ ዘመድ የለኝም። ስሜን የሚያውቅ፣ መልኬን የሚለይ አንድ ሰው የለም!»

ጠበቃዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን በጫማዋ ነካችኝ። በርታ ማለቷ መስሎኝ «አንድም ሰው!» ብዬ ደገምኩለት።

ፍርዱ በፖስታ መጣ፣ የምሥራች አነበበችልኝ። ዳኛው አምኖኛል። ሰርጉንም፣ ታጣቂዎቹንም፣ ከማልንም፣ ሁሉንም አምኖኛል። አምባሰልና ባቲ ያልኩት ቅኝት እንጂ ቦታ አለመሆኑንም ጽፎታል። ከዚያ ወረድ ብሎ፣ አመልካቹ ወጣትና ጤነኛ ነው፣ ሙያ አለው፣ አደጋው ያለው በትውልድ አካባቢው ብቻ ነው፣ ስለዚህ በሌላ የአገሩ ክፍል በሰላም ሊኖር ይችላል፣ ለምሳሌ እሱ ራሱ እንደመሰከረው ማንም በማያውቀው በባቲ ከተማ፣ ይላል።

የምሥራች ወረቀቱን አስቀመጠችው። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ጠበቃዬ ገና የምንሞክረው በር አለ ትላለች። እኔ ግን ጥፋቱ ያንገበግበኛል። ያልሄድኩበትን አገር አልሄድኩም ብዬ በገዛ አፌ ማስረዳቴ ባቲ ላይ ቤት ሠርቶ ሰጠኝ። አንዳንድ ቀን ጊታሩን አነሳና ባቲ ልገባ ስል ጣቴ አንደኛው ፍሬት ላይ ይቀራል። አምባሰል ላይ እንዳለሁ እተኛለሁ።

እናቴ ጋ የሚደወለው መስመር ሲገኝ ነው። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተገኘ።

«አብሽር ልጄ! ደህና ነህ? ብርዱ እንዴት ነው? ትበላለህ?» አለችኝ። «ወረቀትህስ? ፈረዱልህ ወይስ ፈረዱብህ?»

ተከለከልኩ ልላት ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «ባቲ ኑር አሉኝ፣ እማ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል እልልታዋ ጆሮዬን በጠሰው።

«ባቲ? የኛው ባቲ? አልሀምዱሊላህ! ሉባባ፣ ነይ ስሚ፣ ወንድምሽን ባቲ ኑር አሉት!» እህቴም እልል ትላለች። «አይ ፈረንጅ፣ አላህ ያክብራቸው። እኔ እዚያው በረዶ ውስጥ ያስቀሩህ መስሎኝ ነበር። እዚህ መካነ ሰላም እንዳትመጣ፣ ባለፈውም መጥተው የት ነው ብለው ጠይቀውኛል። ባቲ ግን ማን ያውቅሃል? ማንም!»

«ማንም» አልኩ።

«ስምህን ትቀይራለህ።» ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ጊታሩንም እንዳትነካ። ማንጎራጎርም ቢሆን፣ ሰው በድምፅ ይለያል። ይማም፣ ትሰማኛለህ? ልጄ ዝም ብለህ ነው የምትኖረው።»

«እሰማሻለሁ።»

«ገበያው ሰኞ ነው። ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅዬ እመጣለሁ፣ እናትህ መሆኔን ማን ያውቃል? ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ቆሜ አይቼህ እመለሳለሁ፣ አላወራህም። በየትኛው ሰኞ ልምጣ?»

ሉባባ ከኋላ እልልታውን አላቆመችም።

«ደርሼ ልደውልልሽ» አልኳት።