ባትላሜራው ያስጣሉኝ መኪና

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። መኪና ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

ቤታችን ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ሰናይት "ትንሽም ብትሆን ደህናዋን እንግዛ" ስትል እኔ ድርቅ አልኩ። በሰፈራችን መንገድ ገልባጭ መኪና ሲከንፍ በየቀኑ አያለሁ። "የዛሬ መኪና ቆርቆሮ ነው፤ የድሮው ነው ብረት! ልጃችንን የሚያድናት ትልቅ መኪና ነው" አልኳት። ደላላም ያረጀች ግን የምታብረቀርቅ ትልቅ መኪና አገኘልኝ። ወንበሮቿ አዲስ የቆዳ ልባስ ለብሰዋል። ልቤን ወሰደችው።

ገርጂ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወስደን ለመካኒክ አሳየናት። ሞተሯን አዳምጦ "እሳት ናት!" አለ። ሻጩና ደላላው ፈገግ አሉ። እኔም ልዋዋል ተነሳሁ።

ይኼኔ ከጎናችን የተጋጨ በር በመዶሻ ሲያቀኑ የነበሩ ባትላሜራ፣ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፣ ሥራቸውን አቁመው መጡ።

"ልጅ አለህ?" አሉኝ።

"አዎ፣ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ።"

"ከኋላ ስታስቀምጣት የምታስርበት ቀበቶ የታለ?"

እጄን ሰድጄ ብፈልግ የለም። አዲሱ ልባስ በላዩ ላይ ተሰፍቷል፤ ቀበቶውም ከሥሩ ተቆርጧል። ደላላው "ኧረ ጋሼ፣ ከኋላ ደሞ ማን ቀበቶ ያስራል!" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም የፊቱን እንኳ የማስረው ትራፊክ ሳይ ነበር።

ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። "ይቺ መኪና ተገልብጣ ነው እዚህ የመጣችው። ሻንሲዋን የበየድኩት እኔ ነኝ። በትልቅነቷ እንዳትሸወድ፤ ሌላ ጊዜ ብትመታ እዚች ጋ ነው የምትለያየው" ብለው ብየዳውን አሳዩኝ።

ሻጩ ፊቱ ጠቆረ። "ሁለተኛ ሥራ አላመጣልዎትም!" ብሎ ጮኸባቸው።

"ይቅርብኝ" አሉ።

እኔ ደግሞ፣ ያሳፍራል፣ በሆዴ "ምቀኛ ሽማግሌ! የራሳቸውን ሰው መኪና ሊሸጡልኝ ነው" እያልኩ ወጣሁ። ብየዳውን በዓይኔ ስላየሁ ግን፣ እየተነጫነጭኩም ቢሆን ሰናይት ያለቻትን ትንሿን ገዛን። ቀበቶዋም ኤርባጓም ሙሉ ነበር። ለልጃችን ለናርዶስም የልጅ መቀመጫ አሰርንላት።

ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ከናርዶስ ጋር ከላምበረት ስንመለስ፣ ፍሬን እንቢ ያለው ሚኒባስ ፊት ለፊት መጣብን። የመኪናችን አፍንጫ እንደ ወረቀት ተጨማደደ፤ ኤርባጉ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ወደ ኋላ መዞር ፈራሁ። ከዚያ "አባዬ!" የሚል ለቅሶ ሰማሁ። ቀበቶዋ እንደያዛት ተቀምጣለች። ትከሻዋ ላይ ቀይ ሰንበር ወጥቶባት ነበር፤ ሌላ ምንም የለባትም። ጌታ ይመስገን!

በሳምንቱ ሦስታችንም ጋራዡ ሄድን። የደረሰብንን ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። በሆዴ ያልኳቸውንም ሳልደብቅ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"አይ ልጄ፣ ለልጁ የሚፈራ ሰው ማንን ያምናል?" ብለው ሳቁ። ናርዶስን ራሷን ዳበስ አድርገው "እደጊ፣ ተመንደጊ" አሏት። ሰናይት አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም።

እኚያ ሰው ያን ቀን ዝም ብለው ሥራቸውን ቢቀጥሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። የእንጀራቸውን ደንበኛ አስቀይመው ነው የማያውቋትን ልጅ ያተረፉልኝ። ናርዶስ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ጠዋት ቦርሳዋን ባነገትኩላት ቁጥር ስማቸውን ጠርቼ እመርቃቸዋለሁ።